ከፍለሃል

የማከራየው ክፍል የራሴው መኝታ ነው፤
እንግዳ ሲመጣ እኔና ሶላንዥ ማድ ቤት እንተኛለን፤
አስቀድሜ የማየው ሻንጣውን አይደለም፣ ጫማውን ነው፤
ከጫማ ብዙ እንሰማለን።

የዚህኛው ማሰሪያ ድርብ ቋጠሮ ነው፤ ሶሉ ጭቃ አላየ።
በቀትር ካውቶብስ ወርዶ፣ በኮፍያው ፊቱን እያራገበ፣
አቧራው መሐል ቆየ፤
ስሜን ከወረቀት አነበበ፦
"ማዳም ኤርሜሊን?"
"እኔው ነኝ፣ ሙሴ።"
(ስሙ ባስትያን ነው፤ እኛ ሮድሪግስ ላይ ግን
ከውጭ የመጣ ወንድ ሁሉ፣ ስሙን እስክንለምድ፣
ሲደላውም ሙሴ፣ ሲከፋውም ሙሴ።)

ሻንጣውን እኔ በጎኑ፣ እሱ በእጀታው ይዘን
እየተጓተትን ዳገቱን ወጣን።
ሁለት ጊዜ ቆምን፤ አንደኛው
በጎረቤቴ በፊሎሜን ውሻ ምክንያት ነው፤
የሁለተኛውን እሱ ያውቃል፤ ትንፋሹን አልቆጠርኩበትም።

ሎሚ በጥብጬ ሰጠሁት። ክፍሉን ዞሮ አየ፤
አጎበሩን ጎተተ፣ ፍራሹን በጡጫ ፈተነ፤
ጣሪያው ላይ የተለጠፈችውን እንሽላሊት
"ትነክሳለች?" አለኝ።
"አትነክስም፤ ኪራይም አትከፍልም" አልኩት።
አልሳቀም።
መስኮቱን ከፈተ።

"ባሕሩስ?" አለ፣ ኪሱ እንደተዳበሰ ሰው እየዞረ።

እውነቱን ነው፤ ባሕሩ አልነበረም።
እስከ አረፋው መስመር፣ እሩቅ፣ እስከ ኮራሉ አጥር
አሸዋ፣ ድንጋይ፣ ጸጉሩ የተኛ የባሕር ሣር፤
ጀልባዎች በጎናቸው ተጋድመው እንደ ጠገበ ውሻ፣
ኩሬዎች ቁራጭ ሰማይ ይዘው ቀርተዋል፣ እንደ ማስታወሻ።

"ወረቀቱ 'ባሕር ፊት ለፊት' ይላል፤
እኔ የከፈልኩት ለባሕር ነው" አለ፤ ድምፁ ሰለለ እንጂ አልተቆጣም፤
ከሩቅ መጥቶ የማይቆጣ ሰው ደግሞ ያሳዝናል፤
ቢሆንም ምላሴ አልተቀጣም፦

"ሙሴ ሆይ፣ ከፍለሃል! ማን አልከፈልክም አለ?
ባትከፍለውማ ኖሮ ባሕሩ መች ገለል ባለ?
ይልቅ በትርህን የት ጣልከው?"

ሶላንዥ ማድ ቤት ሆና ሳቋ አመለጣት፤ የድስት ክዳን ወደቀ።
እሱ ዘግይቶ ገባው፤ መጀመሪያ ጆሮው ቀላ፣ ቀጥሎ ትከሻው ሳቀ።
"ይመለሳል?"
"ሥራ ሄዶ ነው፤ ማታ ይገባል።"

የጎማ ጫማ አውሼው ወረድን።
ሴቶቹ ቀድመውናል። ፊሎሜን ቀሚሷን በመቀነት ሸብ አድርጋ፣
ትከሻዋ ላይ የብረት ዘንግ፣ ራሷ ላይ ሰፌድ የሚያህል ባርኔጣ፣
የጠዋቱን ባሕር በእግሯ ትለካለች።
ኦክቶፐስ እንዴት እንደሚገኝ ነገረችው፦
"እሱን አትፈልግ፤ ደጁን ፈልግ።
ቤቱን የሚወድ አውሬ ነው፤ በገባ ቀን
ጠጠር ይደረድራል፣ ዛጎል ከደጁ ያኖራል።
የተሰናዳ ደጅ ካየህ፣ ሰው አለ በል።"
ሙሴ ጎንበስ ብሎ ሲያይ ዋለ። አንድም አላገኘ፤
ማጅራቱ ብቻ ተጠበሰ።

ማታ በቆሎና ቀይ ባቄላ፣ ከደቃቋ ቃሪያችን ጋር።
አስጠንቅቄው ነበር።
አልቅሶ በላ፤ ጨመረ።

ሌሊት ባሕሩ ሲገባ ነቃሁ፤
መጀመሪያ በጀልባዎቹ ሆድ ሥር፣ እንደ ድመት ምላስ፣
ኋላ ግንቡን እያንኳኳ።
በሩን ገርበብ ባደርግ፣ በመስኮቴ
(በመስኮቱ ልበል? ለሰባት ቀን የሱ ነው)
አንድ ሰው በሌሊት ልብስ ቆሟል፣
እጁን ወደ ኋላ አጣምሮ፣ እንደ አከራይ፣
የሚገባውን ማዕበል ይቆጥራል።

ጠዋት ሶላንዥ መጥረጊያዋን ይዛ ደጁ ላይ ቀረች።
ጫማው፣ ማሰሪያው ተፈትቶ፣ አፉን ከፍቶ ተቀምጧል፤
ከጎኑ ሦስት ዛጎል፣ አንድ ክብ ጠጠር፣ በተርታ።
"እማዬ፣ ሰው አለ" አለችኝ፣ በሹክሹክታ።
"አትጥረጊው" አልኳት።